ፊደል የቆጠርንበት ደጅ



ብዙዎቻችሁ እንደምታውቁት በሥራዬ ማኅበራዊ ሠራተኛ ነኝ። ከአዲስ ገቢ ቤተሰብ ጋር መጀመሪያ ስገናኝ የምሞላው ቅጽ አለ። ስም፣ የትውልድ ዘመን፣ የልጆች ቁጥር፣ ሙያ ይጠይቃል፤ ቀጥሎም «ስንት ዓመት ተማሩ?» የሚል መስመር ይመጣል። ከገጠር የመጡ አባቶችና እናቶች እዚህ መስመር ላይ ሲደርሱ አብዛኛውን ጊዜ «ዜሮ ብለሽ ጻፊው» ይሉኛል። እውነትም ብዙዎቹ ከእርሻና ከከብት ጥበቃ ሌላ የትምህርት ዕድል አላገኙም። ነገር ግን ከመካከላቸው ፊደል የለዩ፣ ዳዊት የደገሙ፣ ደብዳቤ ለመንደሩ ሁሉ ይጽፉና ያነቡ የነበሩ ሰዎች አሉ። እነሱም ዜሮ ይላሉ። ለምን እንዲህ እንደሚሉ ለመረዳት የገጠሩን ትምህርት ቤት ታሪክ ማወቅ ያስፈልጋል፤ ስለዚህ በዚህ ዕትም ጥቂት ልንገራችሁ። በጽሑፉ ውስጥ ያሉት ዓመታት ሁሉ በአውሮፓ አቆጣጠር ናቸው።

በቤተ ክርስቲያን አጥር ሥር

በኢትዮጵያ ደጋ ለብዙ መቶ ዓመታት ትምህርት ቤት ማለት የቤተ ክርስቲያን ደጅ ማለት ነበር። በአዲስ አበባ የዳግማዊ ምኒልክ ትምህርት ቤት የተከፈተው በ1908 ነው። ዘመናዊው ትምህርት ከዚያ ተነሥቶ ወደ ወገራና ወደ ደምቢያ ገጠር እስኪደርስ ድረስ ደግሞ ብዙ ዘመን አልፏል። እስከዚያው ማንበብ የፈለገ የገበሬ ልጅ የሚሄደው ወደ የኔታ ነበር።

የትምህርቱን ሥርዓት ከእናንተ ብዙዎቹ ከእኔ ይበልጥ ታውቁታላችሁ። ልጁ በመጀመሪያ ሀሁን ይቆጥራል፤ ቀጥሎ የፊደሉ ተራ ተዘበራርቆ የተጻፈበትን አቡጊዳ ይለያል፤ ከዚያም ፊደለ ሐዋርያን ይዞ በግዕዝ ንባብ፣ በውርድ ንባብና በቁም ንባብ እየደጋገመ ምላሱን ያፍታታል። የንባቡ መጨረሻ ዳዊት ነው። መዝሙሩን ሁሉ አንብቦ የጨረሰ ልጅ «ዳዊት ደገመ» ይባላል፤ ቤተሰቡም እንደ አቅሙ ጠላ ጠምቆ የኔታን ያመሰግናል። ብዙው ልጅ እዚህ ላይ አቁሞ ወደ ሞፈርና ቀንበሩ ይመለሳል። የቀጠለው ግን ደበሎ ለብሶና አኩፋዳ ይዞ፣ የመንደሩን ውሻ በዱላው እየተከላከለ፣ ድጓ ፍለጋ ወደ ቤተ ልሔም፣ ቅኔ ፍለጋ ወደ ዋሸራና ወደ ጎንጅ፣ የመጻሕፍት ትርጓሜ ፍለጋ ወደ ጎንደር ይሄድ ነበር።

ይህን ሁሉ የሚሸከመው የአጥቢያው ሕዝብ ነው። ለየኔታ በየወሩ ደመወዝ የሚከፍል መንግሥት አልነበረም። ከቤተ ክርስቲያኑ መሬት ድርሻ ነበራቸው፤ ወላጅ በመከር ጊዜ እህል ይሰፍርላቸዋል፤ ተማሪው እንጨት ይለቅማል፣ ውኃ ይቀዳል፤ መንደሩ ደግሞ ለመጣው የቆሎ ተማሪ ቁራሽ አይከለክልም። በ1975 የደርግ መንግሥት የገጠርን መሬት በአዋጅ የሕዝብ ባደረገ ጊዜ ቤተ ክርስቲያንም መሬቷን አጣች፤ የየኔታም ኑሮ በምእመናኑ እጅ ላይ ብቻ ወደቀ። ያው አዋጅ በሌላ በኩል ርስት ተነፍገው በጭሰኝነት፣ በሸማኔነት፣ በቀጥቃጭነትና በሸክላ ሥራ ሲኖሩ ለነበሩት ቤተ እስራኤል የሚያርሱት መሬት አስገኝቷል። በአንድ አዋጅ አንዱ ደጅ ሲጎድል ሌላው ደጅ ሞላ ማለት ነው።

በጸሎት ቤቱ ደጅ

ቤተ እስራኤል የራሳቸው ሊቃውንት ነበሯቸው። ኦሪቱም ዳዊቱም በግዕዝ ነው፤ ከጸሎቱም ውስጥ በአገውኛ የሚባል አለ። ለብዙ ዘመን ቄሶችን ያስተምሩ የነበሩት መነኮሳት ናቸው። የምንኵስናውን ሥርዓት የጀመሩት በ15ኛው መቶ ዓመት የነበሩት አባ ጸብራ ናቸው ብለው አባቶቻችን ያስተምራሉ። በደምቢያ የሚገኘው ሆሐርዋ ከታወቁት የምንኵስናና የትምህርት ቦታዎች አንዱ ነበር። የቄስነት ትምህርት የፈለገ ልጅ ከመምህሩ ጋር እየኖረ፣ እያገለገለ፣ ጸሎቱን በቃሉ እያጠና ያድጋል።

መጻሕፍቱ በብራና በእጅ የተጻፉ ስለ ሆኑ ጥቂትና ውድ ነበሩ። አንዳንዶቹን የክርስቲያን ጸሐፊዎች የጻፏቸው ነበሩ፤ ቄሶቻችንም ከሃይማኖታቸው ጋር የማይስማማውን ቃል ፍቀው ወይም ዘልለው ይጠቀሙባቸው ነበር። ስለዚህ በቤተ ክርስቲያን አጥር ሥር የተቀመጠው ልጅና በጸሎት ቤቱ ደጅ የተቀመጠው ልጅ በሃይማኖት ቢለያዩም የሚቆጥሩት ፊደል አንድ፣ የሚደግሙትም ዳዊት አንድ ነበር።

ሁለቱ ደጆች የተቀላቀሉበት ዘመን

በ1860 ሄንሪ አሮን ስተርን የተባለ የለንደን ሚስዮን መልእክተኛ ወደ ቤተ እስራኤል መንደሮች መጣ። ሰውየው ራሱ ተወልዶ ያደገው አይሁዳዊ ሆኖ ነው፤ ኋላ ክርስትናን ተቀብሏል። ዐፄ ቴዎድሮስ እንዲያስተምር ፈቀዱለት፤ የሚያምነው ሰው ግን በኢትዮጵያ ቤተ ክርስቲያን እንዲጠመቅ አዘዙ። ሚስዮኑ የአማርኛ መጽሐፍ ቅዱስ ያድል፣ ፊደልም ያስተምር ነበር። ከእሱ ጋር የሠራው ዮሐን ማርቲን ፍላድም በዚህ ሥራ ብዙ ዓመታት ደክሟል። ለደኻ ልጅ ፊደል ትልቅ ነገር ነው፤ ፊደሉና ጥምቀቱ ግን በአንድ በር ነበር የሚገቡት።

ከዚያ ቀጥሎ ከ1888 እስከ 1892 ክፉ ቀን ሆነ። የከብት በሽታ በሬውን ጨረሰ፤ ረሃብ ገባ፤ በ1888 ደግሞ መሐዲስቶች ከሱዳን ተነሥተው ጎንደርን አቃጠሉ። በዚያ ዘመን መንደሮች ጠፉ፤ መምህራን አለቁ፤ የመነኮሳቱም ትምህርት ቤት እንደ ቀድሞው ሊቆም አልቻለም። ከተረፈው ሕዝብ አንዳንዱ በእምነት፣ አንዳንዱ በእንጀራ፣ አንዳንዱ ለማረሻ መሬት ሲል ከወገኑ ተነጥሎ ወደ ክርስቲያን አጥቢያ ገባ። ዛሬ ከእኛ መካከል የብዙዎቻችን አያት ፊደል የቆጠረው እዚያ ነው።

የእኔም አያት እንዲሁ ናቸው። ሸማኔ ነበሩ። በልጅነታቸው አባታቸው በአጥቢያው ቤተ ክርስቲያን ከየኔታ ዘንድ አስገቧቸው። ሌሎቹ ልጆች «የቡዳ ዘር» እያሉ ከአጠገባቸው አይቀመጡም ነበር። የኔታ ግን ዱላቸውን አንሥተው «ፊደል ዘር አይቆጥርም» ብለው መሃል ያስቀምጧቸው እንደ ነበር አያቴ ይነግሩን ነበር። እኝያ አያት ማታ ማታ ድር እያደሩ ዳዊት በቃላቸው ይሉ ነበር። ዓርብ ፀሐይ ሳይጠልቅ ግን ሸማውን ጠቅልለው ያስቀምጣሉ፤ ምክንያቱን ለጎረቤት አይናገሩም። እኛ ቤት አንዱ ደጅ ሌላውን ፈጽሞ አልዘጋውም።

ከአሥመራ እስከ አምቦበር

የቤተ እስራኤል ዘመናዊ ትምህርት ታሪክ ደግሞ ከዣክ ፋይትሎቪች ይጀምራል። ይህ በፖላንድ የተወለደ ምሁር ወደ ኢትዮጵያ መጀመሪያ የመጣው በ1904 ነው። ሲመለስ ለትምህርት ካስከተላቸው ወጣቶች አንዱ ታምራት አማኑኤል ይባላሉ። ታምራት አውሮፓ ተምረው ተመለሱ፤ በ1920ዎቹ መጀመሪያ በአዲስ አበባ ለተከፈተው የቤተ እስራኤል ትምህርት ቤትም ኃላፊ ሆኑ። እዚህ ላይ ልብ በሉ። ፋይትሎቪች ታምራትን ያገኛቸው በአሥመራ በስዊድን ሚስዮን ትምህርት ቤት ሲማሩ ነው። የአይሁዱ ትምህርት ቤት መሪ የተገኙት ከሚስዮን ክፍል ውስጥ ነው ማለት ነው። በዚህ ምክንያት ያነሰላቸው ክብር የለም።

ጣሊያን ኢትዮጵያን ሲወር ትምህርት ቤቱ ተዘጋ። ከጦርነቱ በኋላ ሥራውን ያነሡት ዮና ቦጋለ ናቸው። እሳቸው ከጎንደር አጠገብ ከወለቃ ተነሥተው በኢየሩሳሌምና በአውሮፓ የተማሩ ሰው ነበሩ። በ1954 የአይሁድ ኤጀንሲ በአሥመራ የመምህራን ማሠልጠኛ ከፈተ፤ ራቢ ሽሙኤል በኤሪም ለማስተማር ከእስራኤል ተላኩ። በ1955 አሥራ ሁለት፣ በ1956 ደግሞ አሥራ አምስት ወጣቶች በራዓናና ወደሚገኘው ክፋር ባትያ መጥተው ተማሩ። አብዛኞቹ ወደ አገራቸው ተመልሰው በየመንደሩ መምህር ሆኑ። ከጥቂት ዓመታት በኋላ ገንዘቡ ሲቀንስ ከመንደር ትምህርት ቤቶቹ ብዙዎቹ ተዘጉ፤ የአምቦበሩ ግን ጸንቶ ቆየ።

አምቦበርን የማያውቅ ጎንደሬ በመካከላችን ያለ አይመስለኝም። ሕዝቡ ለሲግድ ከየአካባቢው ተሰብስቦ ወደ ተራራው የሚወጣው እዚያ ነበር። ትምህርት ቤቱ አማርኛውን፣ ሒሳቡንና ዕብራይስጡን አንድ ላይ ያስተምር ነበር። ዕብራይስጡ በደርግ ዘመን ችግር ገጠመው፤ መምህራንም ታሰሩ። ከ1970ዎቹ አጋማሽ ጀምሮ ኦርት የተባለው የአይሁድ ድርጅት በጎንደር ገጠር ትምህርት ቤት፣ ክሊኒክና መንገድ ይሠራ ነበር፤ በ1981 ግን መንግሥት ሥራውን አስቆመው። ዮና ቦጋለ በ1979 ወደ እስራኤል ገቡ፤ በ1987 ዐረፉ። ከዚያም በዘመቻ ሙሴና በ1991 በዘመቻ ሰሎሞን ሕዝቡ ሲወጣ የአምቦበር ተማሪዎችና መምህራን ዛሬ በእስራኤል በየከተማው ተበትነው ይገኛሉ።

ከእነዚያ በኋላ የቀረነው ደግሞ በጎንደርና በአዲስ አበባ ተራ ስንጠብቅ ያደግን ነን። እኔ ሀሁንና አሌፍ ቤትን የቆጠርሁት በአንድ ሰሞን፣ በጎንደር ከተማ በማኅበረሰቡ ግቢ በቆርቆሮ ክፍል ውስጥ ነው። ግማሹ ልጅ ቆሞ ይማር ነበር። እዚህ መጥቼ እስከ ሀይፋ ዩኒቨርሲቲ የደረስሁት በዚያ ቆርቆሮ ቤት በተጀመረው ነገር ነው ብዬ አምናለሁ።

«እዚህ አገር አይነሣም»

አሁን ወደ ዜሮው ልመለስ። ከጥቂት ጊዜ በፊት አንድ አባት ከእኔ ጋር ቅጽ ሲሞሉ እንደ ልማዱ «ምንም አልተማርሁም ልጄ፤ ዜሮ በይው» አሉኝ።

«አባ፣ ፊደል ይለያሉ?» አልኋቸው።

«እሱማ እለያለሁ።»

«ዳዊትስ ደግመዋል?»

በሩን ዘወር ብለው አዩና ድምፃቸውን ዝቅ አደረጉ። «ደግሜያለሁ፤ አራት ዓመት የኔታን አገልግያለሁ። ግን የቤተ ክርስቲያን ትምህርት ነው፤ እዚህ አገር አይነሣም ይሉኛል። ጉዳዬን እንዳያበላሽብኝ።»

በእኝህ ሰው ንግግር ውስጥ ሁለት ነገር አለ። አንደኛው፣ የተማሩት ትምህርት ደብተርና ሰርተፊኬት ስለሌለው ትምህርት አይባልም የሚለው እምነት ነው። ሁለተኛው ፍርሃት ነው፤ የተማሩበት ደጅ ወደ ወገናቸው በተመለሱበት አገር መክሰሻ እንዳይሆንባቸው። የመጀመሪያው ስሕተት እንደ ሆነ በሙሉ ልቤ እናገራለሁ። ሁለተኛውን ግን በቀላሉ «አትፍሩ» ብዬ አላልፈውም፤ ብዙ ዓመት በተራ የቆየ ሰው መፍራቱ ምክንያት አለው። የምለው ይህን ነው፦ የሃይማኖት ጉዳይ የሚታየው በራቢዎች ዘንድ ነው፤ የእኔ ቅጽ የሚጠይቀው ሰውየው ምን ማንበብ እንደሚችሉ ነው። ይህንኑ ለእሳቸውም አስረዳኋቸው። እሳቸውም ካሰቡበት በኋላ «እንግዲህ ጻፊው» አሉኝ። በአስተያየት መስጫው ላይ «አማርኛና ግዕዝ ያነባሉ፤ አራት ዓመት በመምህር ሥር ተምረዋል፤ በቃል የማጥናት ልምድ አላቸው» ብዬ ጻፍሁ።

ውጤቱ ተአምር አልነበረም። በኡልፓኑ እርሳስ አያያዝ ከሚለማመዱት ክፍል ወጥተው ፊደል ለሚያውቁ ሰዎች ወደተዘጋጀው ክፍል ተዛወሩ፤ ያ ነው። ቤት ውስጥ ግን ሌላ ነገር ሆነ። በኪታ ዳሌት የሚማር ልጅ አላቸው። ልጁ ለመምህርቱ «አባቴ ማንበብ አይችልም» ብሎ ነግሯት ስለ ነበር ከትምህርት ቤት የሚላከው ወረቀት ሁሉ በቦርሳው ውስጥ ይቀር ነበር። አንድ ማታ ልጁ ተህሊሙን ከፍቶ ስለ እረኛው የሚናገረውን መዝሙር ሲያጠና አባት በግዕዝ በቃላቸው ቀጠሉት። ልጁ ደነገጠ። «ስንተኛው ነው?» አላቸው። «ሃያ ሁለተኛው» አሉ። «ተሳስተሃል አባዬ፤ ሃያ ሦስተኛው ነው» አለ። ሁለቱም ትክክል ነበሩ፤ የግዕዙ ዳዊት የሚከተለው የጽርዑን አቆጣጠር ስለ ሆነ ከዕብራይስጡ ቁጥር በአብዛኛው ቦታ በአንድ ያንሳል። ያን ማታ አባትና ልጅ ቁጥሩን ሲያመሳክሩ አመሹ። ከዚያ ወዲህ ወረቀቱ ከቦርሳው እየወጣ ነው፤ አባትም ባይገባቸው እንኳ ፈርመው የሚመለከተውን ሰው ይጠይቃሉ።

ከእኛ በፊት በናሕሊኤል

የሰፈራችን ስም ናሕሊኤል በኦሪት ዘኍልቍ ምዕራፍ 21 ላይ ይገኛል፤ እስራኤል በጉዞ ላይ ሳሉ ከሰፈሩባቸው ቦታዎች አንዱ ነው። እኛ ሳንመጣ እዚህ የሰፈሩት የየመን አይሁድ ናቸው፤ ከሽማግሌዎቻቸውም ብዙ የምንማረው አለ። በየመን ልጆች የሚማሩት ሞሪ ከሚባለው መምህር ዘንድ ነበር። መጽሐፍ ከማነሱ የተነሣ አንዱን መጽሐፍ መሃል አስቀምጠው በዙሪያው ይቀመጣሉ፤ ስለዚህም ከጎንም ሆነ ተገልብጦ ማንበብ የሚችሉ ብዙዎች ነበሩ። እነሱም ወደዚህ አገር ሲመጡ ትምህርታቸው በዓመት የሚቆጠር አልነበረም። ሞሪና የኔታ ቢገናኙ ኖሮ ያለ አስተርጓሚ የሚግባቡ ይመስለኛል።

ምን እናድርግ?

ታሪኩን ያነሣሁት ለጨዋታ ብቻ አይደለምና ሦስት ነገር ላሳስብ።

አንደኛ፣ በማንኛውም ቢሮ ስለ ትምህርት ስትጠየቁ የምታውቁትን ተናገሩ። «ክፍል አልቆጠርሁም፤ አማርኛ አነባለሁ፤ እጽፋለሁ» ማለት ይቻላል። ማንበብ በአንድ ቋንቋ የቻለ ሰው ሁለተኛውን ፊደል ለመልመድ የሚፈጅበት ጊዜ አጭር ነው፤ የኡልፓን መምህራንም ይህን ካላወቁ በትክክለኛው ክፍል ሊያስቀምጧችሁ አይችሉም። ያልተማራችሁም ብትሆኑ የምታፍሩበት ነገር የለም፤ የነበረው ዕድል ምን ያህል ጠባብ እንደ ነበር ከዚህ በላይ አይታችኋል።

ሁለተኛ፣ ልጆቻችሁ ሲያነቡ አጠገባቸው ተቀመጡ። ዕብራይስጡ ባይገባችሁም «ያነበብኸውን በአማርኛ ንገረኝ» በሉ። የኔታም ያደርጉ የነበረው ይህንኑ ነው፤ ተማሪው ያነባል፣ እሳቸው ያዳምጣሉ፣ ሲያደናቅፈው ያስቆሙታል። በወላጆች ስብሰባ ቀን አትቅሩ፤ ቋንቋ ካስቸገራችሁ አስተርጓሚ እንዲገኝላችሁ ቀደም ብላችሁ ለመምህርቱ አሳውቁ።

ሦስተኛ፣ ልጆቻችን በትምህርት ቤት ዓቮዳት ሾራሺም የሚባል የቤተሰብ ታሪክ ሥራ ይሰጣቸዋል። ብዙ ልጆች ገጹን ባዶ ይዘው ይመጣሉ፤ ወይም የአውሮፕላን ሥዕል ለጥፈው ይጨርሱታል። ከአውሮፕላኑ በፊት መንደር ነበረ፤ በመንደሩም መምህር ነበረ። የመንደራችሁን ስም፣ ያስተማራችሁን ሰው፣ የተቀመጣችሁበትን ዛፍ ወይም አጥር፣ የመጀመሪያውን መጽሐፍ ንገሯቸው። በጸሎት ቤት ከሆነ በጸሎት ቤት፣ በቤተ ክርስቲያን ከሆነ በቤተ ክርስቲያን፣ በመሠረተ ትምህርት ዘመቻ ከሆነም በዘመቻ በሉ። የተደበቀ ታሪክ ልጅን «ቤተሰቤ የሚያሳፍር ነገር አለው» ብሎ እንዲያስብ ያደርገዋል፤ የተነገረው ግን ይገባዋል፤ ልጅ ነገር ይገባዋል።

የእኔ አያት ወደዚህ አገር ሳይደርሱ በጎንደር ዐረፉ። የየኔታቸውን ስም አልጠየቅኋቸውም ነበር፤ ልጅ ነበርሁ። እናንተ ግን አላችሁ፤ ሽማግሌዎቻችሁም በሕይወት ያሉ ብዙዎች ናችሁ። መጻፍ የምትችሉ በአንድ ወረቀት ላይ ጽፋችሁ ወደ ማኅበሩ ጽሕፈት ቤት አምጡልን፤ መጻፍ የማይሆንላችሁ መጥታችሁ ንገሩን፣ እኛ እንጽፋለን። በአማርኛም በዕብራይስጥም በዚህ ጋዜጣ እናወጣዋለን።

መልካም የትምህርት ዘመን ለልጆቻችሁ፣ ለእናንተም በኡልፓን። ቸር ያሰንብተን።